የጠብ ትርኢትና የተመልካች ዕዳ

የሰው ጠባይ በሥራው ብቻ ሳይሆን በጨዋታውም ይመረመራል። ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚሠራው በግዴታ ነው፤ የሚጫወተውንና ተቀምጦ የሚያየውን ግን በፈቃዱ የሚመርጠው ስለ ሆነ፥ ልቡ ወዴት እንዳዘነበለ በዚህ ይታወቃል። ስለዚህ የአንድ አገር ሹም የሕዝቡን እርሻ፥ ንግድና መንገድ እንደሚጠይቅ ሁሉ፥ ወጣቶቹ ማታ ማታ ምን እያዩ እንደሚያመሹ ቢጠይቅ ከሥራው የወጣ ነገር አይደለም። የንስሐ አባትም የልጆቹን ጾምና ጸሎት ሲጠይቅ የሚስቁበትንና የሚደሰቱበትን ነገር አብሮ ቢመረምር፥ ሥሩን አግኝቶ ቅርንጫፉን ለማቃናት ይረዳዋል።

በሰሜን ወሎ፥ በሀብሩ ወረዳ በምትገኘው በግራናና እርሷን በመሰሉ ትናንሽ ከተሞች ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሚሆን ነገር ይታያል። ቪዲዮ ቤት በሚባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ወጣቶች በአግዳሚ ወንበር ተፋፍገው ተቀምጠው፥ ከአሜሪካ፥ ከሆንግ ኮንግ ወይም ከሕንድ የመጣ የድብድብና የተኩስ ፊልም ያያሉ። አንዱ ሲመታ ይጮኻሉ፤ ሲወድቅ ያጨበጭባሉ። ከተቀመጡት መካከል ሴት ልጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሴቶቹ ልጆች በዚያው ሰዓት በቤት ውስጥ ናቸው፤ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ከተገኘም፥ ቃና የተባለው ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ወደ አማርኛ እየተመለሰ የሚቀርበውን የቱርክ አገር ተከታታይ ታሪክ ከእናቶቻቸው ጋራ ይከታተላሉ። በዚያም ታሪክ ውስጥ ጥይትና ቂም በቀል አይጠፋም፤ ነገር ግን ቤቱ የሚያለቅሰው ለተገደለው ሰው እናት ነው እንጂ፥ ገዳዩ ስላሳየው ብልኃት የሚያጨበጭብ የለም።

ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው፥ ወንድ በተፈጥሮው ጠብ ወዳድ ነው፥ ሴትም በተፈጥሮዋ ርኅሩኅ ናት ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ይህ ፍርድ ግን ችኮላ አለበት። በመጀመሪያ ነገር፥ ሴት ልጅ በቪዲዮ ቤት አለመገኘቷ አለመውደዷን ብቻ አያስረዳም። ማታ ውሃ መቅዳት፥ ሊጥ ማቡካትና ታናናሾቿን ማስተኛት የእርሷ ፈንታ ነው፤ ደግሞም በዚያ ቤት ስትገባ ብትታይ ስሟ ይነሣል። እርሷ የማትገባው ስለማትወድ ነው ለማለት፥ አስቀድሞ በሩ ለወንድሟም ለእርሷም እኩል የተከፈተ መሆን ነበረበት።

የአገሩን የቀድሞ ጨዋታ የተመለከተ ሰውም ይኸንኑ ልዩነት ያገኛል፤ ነገር ግን መልኩ ሌላ ነው። ነሐሴ 13 ቀን፥ በደብረ ታቦር በዓል፥ እረኞች ጅራፍ ገምደው ያጮኻሉ፤ ሊቃውንትም የጅራፉን ድምፅ በተራራው ላይ ከተሰማው ከአብ ድምፅ ጋራ ያመሳስሉታል። በአንዳንድ ቦታ ልጆቹ በማጮኽ አይወሰኑም፤ በጅራፍ እየተጋረፉ ማን እንደሚችል ይተያያሉ። ሦስት ቀን ቆይቶ ነሐሴ 16 ቀን፥ ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ፥ ልጃገረዶች በተራቸው ይወጣሉ፤ ለምለሙን ሣር በወገባቸው አስረው፥ ከበሮ እየመቱ ያዜማሉ። ይህም በዓል በላሊበላ አሸንድዬ፥ በሰቆጣ ሻደይ፥ በቆቦ ሶለል ይባላል። በአንድ ወር፥ በአንድ አገር፥ የአንዲት እናት ልጆች ሲሆኑ፥ ለወንዱ ጅራፍ ለሴቲቱ ከበሮ ተሰጥቷቸዋል።

እንደዚሁም በገና ሰሞን ወንዶች በቆልማማ ዱላ ሩር የተባለውን ኳስ እየመቱ በሁለት ወገን ተከፍለው ይገጥማሉ፤ በዚህም ጨዋታ እግር ቢሰበር፥ ግንባር ቢፈነከት፥ ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ ልማዱ ይከለክላል። ፈረሰኞችም በጉግስ በጋሻ እየመከቱ ዘንግ ይወራወራሉ። እነዚህ ሁሉ የጦርነት አምሳያ መሆናቸውን የሚክድ የለም፤ የቀድሞ ሰዎችም ልጆቻቸውን ለዘመቻ ያዘጋጁባቸው ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ጨዋታ ወሰን አለው። ወቅቱ የታወቀ ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ዱላው ይሰቀላል። ሜዳው የታወቀ ነው፤ ሽማግሌውም ከዳር ቆሞ ይመለከታል። የተመታው ልጅ የጎረቤት ልጅ ስለ ሆነ ማታ በአንድ መሶብ ይቀርባል፤ ሕመሙም ለመቺው ይታየዋል። የቪዲዮ ቤቱ ድብድብ ግን ወቅት የለውም፤ ሽማግሌ የለውም፤ የተመታውም ሰው ማታ ለእራት አይመጣም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

እንግዲህ የወንዱና የሴቲቱ መለያየት ከምን የመጣ ነው? በዚህ ነገር ብዙ የደከሙ የውጭ አገር ሊቃውንት አሉ። በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመዝኑ፥ የሚያስፈራና ጭካኔ የሚታይበት ፊልም ደስ ይለናል የሚሉት ከሴቶች ይልቅ ወንዶች መሆናቸውን አገኙ። ከዚሁ ጋራ፥ ለሌላው ሰው መከራ እምብዛም የማይራሩት በእንዲህ ያለው ትርኢት ይበልጥ እንደሚደሰቱ ተመለከቱ። እስከዚህ ድረስ የሕዝቡ አስተያየትና የሊቃውንቱ ቃል ይስማማሉ።

ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ የተደረገ አንድ ፈተና ነገሩን ወደ ሌላ መንገድ ይመራዋል። አልበርት ባንዱራ የተባለው ሊቅ በ1961 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 72 ሕፃናትን፥ 36 ወንዶችና 36 ሴቶችን ሰበሰበ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲመታና ሲረግጥ አዩ። በኋላ ለብቻቸው ሲተዉ፥ ያዩትን ዱላ በብዛት የደገሙት ወንዶቹ ነበሩ። ሊቁ በዚህ ሳያቆም በ1965 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው በሌላ ሥራው ሕፃናቱን፥ ያያችሁትን ብታሳዩ ሽልማት ይሰጣችኋል አላቸው። በዚህ ጊዜ ሴቶቹ ልጆችም ያዩትን ምት አሳዩ፤ በወንዱና በሴቲቱ መካከል የነበረውም ልዩነት ሊጠፋ ጥቂት ቀረው።

ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ሴቲቱ ልጅ ያየችውን ሁሉ እንደ ወንድሟ ተምራ ነበር፤ የጎደለው ትምህርቱ ሳይሆን ፈቃዱ ነበር። እርሷ ብትመታ ነውር ይሆንባታል፤ እርሱ ቢመታ ጀግና ይባላል። ይህንንም ሕፃናቱ ማንም ሳይነግራቸው ከታላላቆቻቸው ፊት አንብበውታል።

በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህንኑ ያጠነክራል። ዶልፍ ዚልማንና ባልደረቦቹ ወጣቶችን ወንድና ሴት እያደረጉ በማጣመር አስፈሪ ፊልም አሳዩአቸው። ወንዶቹ በፊልሙ ከሁሉ ይልቅ የተደሰቱት አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ስትፈራ ባዩ ጊዜ ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ ደስታቸው ያነሰው አጠገባቸው ያለው ወንድ ሲፈራ ባዩ ጊዜ ነበር። ስለዚህ ወንዱ ሲያይ የነበረው ፊልሙን ብቻ አልነበረም፤ በአጠገቡ ባለችው ሴት ዓይን የራሱን መልክ ይመለከት ነበር። አለመፍራቱ ካልታየለት ትርኢቱ ግማሽ ጣዕሙን ያጣል።

የሴቶችም ልብ ከእንዲህ ያለው ታሪክ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፥ በእውነት የተፈጸመ የግድያ ታሪክ ያለበትን መጽሐፍ ከወንዶች ይልቅ የሚመርጡት ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ደግሞ ወደ ጦርነት ታሪክ ያዘነብላሉ። ሴቶቹ በተለይ የወደዱት፥ የተጠቃችው ሴት በምን ብልኃት እንዳመለጠች የሚገልጸውን ታሪክ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ወገን ወደ ጭካኔው ይመለከታሉ፤ የሚቆሙበት ቦታ ግን የተለያየ ነው። ወንዱ በመቺው ቦታ ራሱን አስቀምጦ ያሸንፋል፤ ሴቲቱ በተመቺዋ ቦታ ሆና መውጫውን ትፈልጋለች። ማታ ብቻዋን ከወንዝ ውሃ ቀድታ ለምትመለስ ልጅ ይህ ሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም።

በኢትዮጵያ ይህን የተመልካች ኃይል ለማስረዳት ሩቅ መሔድ አያስፈልግም። በደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት የሱሪ ጎልማሶች ዶንጋ በሚባለው የዱላ ግጥሚያ ሲፋለሙ ልጃገረዶች ያዩአቸዋል፤ ያሸነፈውም በእነርሱ ዘንድ ስሙ ይገናል። በሰሜኑም አገር በሠርግና በድግስ ላይ ፎካሪው ተነሥቶ ሲሸልል፥ ሴቶቹ እልል ካላሉለት ፉከራው ይቀዘቅዛል። ወንዱ ብቻውን በባዶ ሜዳ አይፎክርም። ስለዚህ ጀግናውን የሚሠራው የራሱ ክንድ ብቻ አይደለም፤ የእናቱ፥ የእኅቱና የእጮኛው ድምፅም አብሮ ይሠራዋል። ሴት በጠቡ ውስጥ የለችም የሚል ሰው እልልታውን አልሰማም ማለት ነው።

ደግሞም ሴት ከጦርነት የምትርቀው ልብ ስለሚያንሳት ነው ማለት ታሪክን መርሳት ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የነበረው የጠላት ጦር ውሃው እንዲያዝበት ማድረጋቸው የታወቀ ነው። በወሎም ወይዘሮ ወርቂት በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን አገር ይገዙ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ እርሳቸው በመጡ ጊዜ፥ ልጃቸው በመቅደላ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ሳለ እንግዳውን ወደ ሸዋ አሳልፈው ላኩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚህ ተቈጥተው ልጃቸውን ገደሉት። ወይዘሮ ወርቂት የጦርን ነገር የሚያውቁ ሴት ነበሩ፤ ዋጋውንም በልጃቸው ደም አወቁት። ከቪዲዮ ቤቱ ፊልም የሚጎድለው ይህ ዋጋ ነው። ገዳዩ ሲሔድ ይታያል፤ የሟቹ እናት ድንኳን ግን አይታይም።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ስለዚህ ነገር ዝም አላሉም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በቍስጥንጥንያ ሳሉ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ ወደ ፈረስ ግልቢያና ወደ ትርኢት ቤት በመሔዱ ገሥጸዋል። አውግስጢኖስም አሊጲዮስ ስለ ተባለው ወዳጁ ታሪክ ጽፏል። አሊጲዮስ በሮም ሰው ከሰው ጋራ እየተጋደለ የሚሞትበትን ትርኢት ይጠላ ነበር፤ ባልንጀሮቹ በግድ ቢወስዱት ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ነገር ግን ከተጋዳዮቹ አንዱ ሲወድቅ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ በጮኸ ጊዜ፥ ምን ሆነ ብሎ ዓይኑን ገለጠ፤ ከዚያ በኋላ ሊመልሰው አልቻለም። በሌላ ቀን ሌሎችን እየጎተተ የሚሔድ እርሱ ሆነ። አንባቢ ልብ ይበል፤ አሊጲዮስን የጣለው የደሙ መልክ አይደለም፤ ዓይኑን ያስገለጠው የሕዝቡ ጩኸት ነው።

የታሪክ ጸሓፊው ቴዎዶሪጦስም ስለ አንድ መነኵሴ ይተርካል። ቴሌማኮስ የተባለው ይህ መነኵሴ ከምሥራቅ ወደ ሮም መጥቶ፥ ተጋዳዮቹን ለማስተው ወደ ሜዳው ወረደ። ተመልካቾቹ ተቈጥተው በድንጋይ ወግረው ገደሉት፤ ንጉሡ ኦኖሪዮስም ይህን ሰምቶ ጨዋታውን ከለከለ። የገደሉት ሰይፍ የያዙት ተጋዳዮች አይደሉም፤ በወንበር የተቀመጡት ተመልካቾች ናቸው። በሮም ወንዶችም ሴቶችም በዚያ ትርኢት ይገኙ ነበር፤ አውግስጦስ ቄሣር ለሴቶቹ ከላይ ከኋላ ቦታ ወሰነላቸው እንጂ በሩን አልዘጋባቸውም። ልማዱ የፈቀደ እንደ ሆነ የሴትም ልብ ደም ማየትን ሊለምድ እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ በሰላም አገር ቢሆን ለመጻሕፍት ቤት ክርክር ይተው ነበር። የሰሜን ወሎ ሕዝብ ግን ጦርነትን በፊልም ብቻ ያየ ሕዝብ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ ጦርነቱም በመርሳና በውርጌሳ መንገድ ወደ ደሴ ወረደ፤ በ2014 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የመንግሥት ጦር ወልድያን እስኪያስለቅቅ ድረስ ሕዝቡ ወራት የፈጀ መከራ ተቀበለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቷል። በዚህ አገር ያደገ ልጅ የተኩስን ድምፅ ያወቀው በቪዲዮ ቤት አይደለም።

እንዲህ ያለው ልጅ ከእንጨት ጠመንጃ ሠርቶ ሲጫወት ቢታይ አያስደንቅም፤ ያስፈራውን ነገር በእጁ ይዞ ሊያሸንፈው መፈለጉ ነው። የሚያሳዝነው ግን፥ ፍርሃቱን ለመናገር አፍ አጥቶ በጩኸት ብቻ ሲያወጣው ነው። ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሏልና። እኅቱም በዚያው ቤት፥ በዚያው ሌሊት፥ ያንኑ ድምፅ ሰምታለች፤ እርሷ ግን ዝም ስላለች ደኅና ናት ይባላል። አንዱ ጮኾ፥ አንዷ ዝም ብላ፥ ሁለቱም አንድ ቁስል ይዘዋል። መምህርና የንስሐ አባት የልጁን ጩኸት እንደ ክፋት፥ የልጅቱን ዝምታ እንደ ጤና ከቈጠሩት ሁለቱንም አጥተዋቸዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቪዲዮ ቤቱን መዝጋት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ ፊልሙ በእያንዳንዱ ሰው ስልክ ውስጥ ስላለ፥ በር ቢዘጋ ልጁ ብቻውን በጨለማ ያየዋል፤ ያን ጊዜም የሚገሥጸው ሽማግሌ ከአጠገቡ አይኖርም። የሚሻለው ለቤቱ ሕግ ማበጀት ነው። ሹማምንት የሕፃናት መግቢያ ሰዓት እንዲወሰን፥ ለዕድሜያቸው የማይገባው ፊልም እንዳይታይ፥ ፈቃድ የወሰደውም ሰው ለዚህ ተጠያቂ እንዲሆን ቢያደርጉ፥ የቀድሞው ጨዋታ የነበረውን ወሰን ለአዲሱም አወጡለት ማለት ነው።

ሁለተኛ፥ ጉልበት ላለው ወጣት ጉልበቱን የሚያሳይበት ሜዳ ያስፈልገዋል። የገና ጨዋታና የእግር ኳስ ለዚህ ይረዳሉ፤ ነገር ግን ሜዳ ብቻውን አይበቃም። በወልድያ በ2009 ዓ.ም. ታላቅ ስታዲየም ተመርቆ ተከፈተ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ2010 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ሊደረግ የነበረው የወልድያና የመቀሌ ከተማ ግጥሚያ ግን በተነሣው ሁከት ምክንያት ሳይካሔድ ቀረ። ተጫዋቾቹ ኳሱን ሳይነኩት ጠቡ የተጀመረው በተመልካቹ ዘንድ ነው። ስለዚህ ከሜዳው አስቀድሞ ተመልካቹ ይታነጽ። ጎል ያገባው እንደሚጨበጨብለት ሁሉ፥ የወደቀውን ባላጋራ እጁን ይዞ ያነሣው ልጅም በአደባባይ ይሸለም። በሜዳውም ለሴቶች ልጆች ቀንና ሰዓት ይመደብላቸው፤ እነርሱም ሩጫና ኳስ የሚወዱ መሆናቸውን በተፈቀደላቸው ቦታ ሁሉ አሳይተዋል።

ሦስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፥ የምስጋናን ነገር ማረም ነው። ወሎ ለዚህ ከሌላ አገር የሚበደረው ነገር የለም። ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁ አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉት፤ በመካከል ገብተው የበቀልን መንገድ ያጥራሉ። ዱበርቲ የሚባሉት እናቶችም ተሰብስበው ቡና እያፈሉ ለአገር ሰላምን፥ ለምድር ዝናምን ይለምናሉ። እነዚህ አባቶችና እናቶች የሚሠሩት ሥራ ከማንኛውም ፊልም ይልቅ ልብ የሚያንጠለጥል ነው፤ የሚገድል ሰው ቂሙን ሲተው ከማየት የሚበልጥ ትርኢት የለምና። ነገር ግን ልጆች ወደዚያ ጉባኤ አይጠሩም፤ የሚጠሩት ወደ ፉከራው ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ዕርቅ በሚፈጸምበት ዛፍ ሥር ቢያስቀምጡአቸው፥ ካህናቱና ሸኾቹም በየበዓሉ የታረቁትን በስማቸው እየጠሩ ቢያመሰግኑ፥ ወጣቱ የሚመኘው ስም ይለወጣል።

እናቶችም በእጃቸው ያለውን ኃይል ይወቁ። ልጃቸው የሌላውን ልጅ ፈንክቶ ሲመጣ በፈገግታ የተቀበሉት እንደ ሆነ፥ ፊልሙ ከሚያስተምረው የበለጠ አስተምረውታል። ባላንጣውን ይቅር ብሎ የመጣ ዕለት እልል ያሉለት እንደ ሆነ ደግሞ፥ የዚያን ድምፅ ጣዕም ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። አባትም ልጁ ሲያለቅስ አይሣቅበት፤ ሴት ልጁም ስትናገር ዝም አያሰኛት።

ተጋዳዩን የሚያጀግነው ተመልካቹ ነውና፥ ስለ ወንዶች ልጆች ጠብ ወዳድነት የሚያማርር ሰው ሁሉ አስቀድሞ ድምፁን ይመርምር። እልልታ አንድ ነው፤ ለሚገድልም ለሚያስታርቅም ይሰማል። ለማን እንደሚሰማ የሚወስነው ግን በቪዲዮ ቤት የተቀመጠው ልጅ አይደለም፤ ያሳደገው ቤት፥ ያስተማረው መምህርና የሚያስተዳድረው ሹም ነው።